የደም ግብሩን የሚገምተው ማን ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጋዜጣችሁ ደብረ ማርቆስ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። እኔ ዘንድ ደግሞ የሚደርሰው የሻይ ቤቱ ደንበኛ ሁሉ አገላብጦ ከጨረሰው በኋላ ነው። ያም ሆኖ በመጨረሻው ገጽ በተከታታይ የምታወጡት ልብ ወለድ አምልጦኝ አያውቅም። ዓይኔ ስለደከመ የልጅ ልጄ ታነብልኛለች። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ይፈላል፣ እኛም ደም መጣጮች ወደሚገዙት አገር እንገባለን።

ታሪኩ ይጥማል፣ አልዋሽም። ንጉሠ ነገሥቱ 400 ዓመት የኖረ ቫምፓየር ነው። ከሥሩ 10,000 መሳፍንት አሉ፣ እነሱም ቫምፓየሮች ናቸው። የሚገዙት ሕዝብ 1 ሚሊዮን ነው። ይህ ሕዝብ ጨረቃ በሞላች ቁጥር በነፍስ ወከፍ ግማሽ ሊትር ደም ይገብራል። ደሙ በበርሜል ተሞልቶ ከቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት ይቀመጣል። የ7 ዓመት ስንቅ ተከማችቷል ይላል ደራሲው።

እዚህ ላይ ሲኒዬን አስቀመጥሁ።

እኔ 34 ዓመት ግብር ስሰበስብ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከ1976 እስከ 2010 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው እየተዛወርሁ ሠርቻለሁ። የግብር ነገር ተነሥቶ ዝም ማለት አይሆንልኝም። «አባባ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው!» አለችኝ ልጅቷ። ልብ ወለድም ቢሆን ሒሳቡ ሒሳብ ነው አልኋት። እስኪ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ።

መጀመሪያ ገባሩን እንይ። አንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ጨረቃ በዓመት ቢያንስ 12 ጊዜ ትሞላለች። ግማሽ ሊትር በ12 ሲባዛ 6 ሊትር ይመጣል። ሰውየው በዓመት የሚገብረው ሰውነቱ ውስጥ ካለው ይበልጣል ማለት ነው። ደም ይተካል፣ እውነት ነው። ግን ጊዜ ይፈልጋል። በጉልምስናዬ ደም እለግስ ነበር። በአንድ ጊዜ የሚወስዱት 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። 3 ወር ሳይሞላህ ብትሄድ ይመልሱሃል። እኔን አንዴ መልሰውኛል። ነርሷ «ለስላሳው አምሮዎት ነው አይደል?» ብላ ስቃብኛለች።

በዓመት 4 ጊዜ 450 ማለት 1.8 ሊትር ነው። ከዚያ በላይ ከወሰድህ ለከርሞ የሚያርስ አታገኝም።

አሁን ደግሞ በላተኛውን እንይ። አንዱ መስፍን በአንድ ሌሊት 1 ሊትር ይጠጣል ተብሎ ተጽፏል። በዓመት 365 ሊትር። («ጳጉሜንንም ቆጠርኸው?» አለችኝ። ቫምፓየር ጳጉሜን ይጾማል የሚል አላነበብሁም።) ስለዚህ ለአንድ መስፍን 203 ጤነኛ ጎልማሳ ያስፈልጋል። ለ10,000ው 2,030,000 ጎልማሳ። አገሩ ውስጥ ያለው ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም ተደምሮ 1 ሚሊዮን ነው። ግማሹ ለመገበር የደረሰ ነው እንበል። እሱ ሳይሞት ሊሰጥ የሚችለው 900,000 ሊትር ነው። ይህ 2,465 መሳፍንት ይቀልባል። የቀሩት 7,535 ጦማቸውን ያድራሉ።

ጦሙን ያደረ መስፍን ምን ያደርጋል? ደራሲው ዝም ብሎ አልፎታል። እኛ ግን እናውቀዋለን። ወታደር ደመወዝ ባልነበረው ዘመን በየገበሬው ቤት ይሰፍር ነበር። ተሰሪ ይሉታል። ቆጥ ላይ ያለችው ዶሮ የሱ ናት፣ ጋን ውስጥ ያለው ጠላ የሱ ነው፣ መደቡም የሱ ነው። አጼ ምኒልክ አሥራት ሲያስከፍሉ አንዱ ሐሳብ ይኼን ለማስቀረት ነበር። ገበሬው ካገኘው ከ10 አንዱን ይስጥ፣ ወታደሩ ደግሞ ከቤቱ ይውጣለት። እንግዲህ 7,535 የራበው ተሰሪ ባለበት አገር የጨረቃዋ ግብር የዋናው ዕዳ ምራቂ ናት።

የበርሜሉንም ነገር ላንሣ። ደም ማር አይደለም። ጎጃም ድሮ ማር ይገብር ነበር። ማር በደንብ ከተከደነ ዓመት ቢቀመጥም ማር ነው። ደም ከክንድ ከወጣ ወዲያው ይረጋል። ደም ባንክ የሚያቆየው እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ጨምሮ፣ በማቀዝቀዣ አድርጎ ነው። እንዲያም ሆኖ ሙሉ ደም 35 ቀን ገደማ ነው የሚቆየው። ሻማ በሚበራበት ምድር ቤት 7 ዓመት ቆየ ያሉኝን በርሜል እንዲከፈት አላደርግም፤ አፍንጫዬን እወደዋለሁ።

ግብሩ የሚበላሽበት መንግሥት ግምጃ ቤት የለውም። ግምጃ ቤት ከሌለው ደግሞ ማዕከል የለውም። ለምን ብትሉ አሞሌን አስቡ። ባሶ ገበያ፣ እዚህ ከኛ በታች የጁቤ አካባቢ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ገበያ ነበር። ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው ነጋዴ ሁሉ እዚያ ይወርዳል። ገንዘቡ የማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተነሥቶ በግመልና በበቅሎ ይመጣል። በተጓዘ ቁጥር ይወደዳል። እዚያ ማዶ ብዙ አሞሌ የሚገዛ ብር እዚህ ጥቂት ነው የሚገዛው። ደም ግን ተቃራኒው ነው። አንድ ቀን በተጓዘ ቁጥር ይረክሳል። ስለዚህ ከዋና ከተማው አሥር ቀን የሚርቅ አገር ለንጉሡ ምንም አይጠቅመውም። መስፍኑ ራሱ ወደ ገባሩ መውረድ አለበት። ያንን ቦታ ይዞ እዚያው እየበላ ይኖራል። ይኼ ጉልት ነው። ደራሲው ልብ ብሎት ቢሆን ንጉሠ ነገሥቱ ያን ያህል ባላስፈራኝ ነበር። የሚያስፈራው የሰፈሩ መስፍን ነው።

ሌላም አለ። ሀብታሙም ድሃውም ያለው ያው 5 ሊትር ነው። ደራሲው ይኼን እንደ እኩልነት አቅርቦታል። አንዱ ገጸ ባሕርይ «ቢያንስ በደም እኩል ነን» ሲል ልጅቷ አስመረችበት። እኔ ሳቅሁ። ባለጠጋው ገባር የራሱን ደም አይሰጥም፣ ይገዛል። ጎረቤቱ ልጆቹን የሚያበላው ሲያጣ ሁለት ጊዜ ይቀዳል። አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለባለጠጋው። በደርግ ጊዜ የእህል ኮታ የተጣለበት ገበሬ ያውቀዋል። ኮታው በመንግሥት ዋጋ ይሰጣል። ምርቱ ካልደረሰ ገበሬው ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል። እኔ ያኔ ጀማሪ ሠራተኛ ነበርሁ። ሚዛን ላይ የሚወጣው ጤፍ የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ኩንታሉ ይሙላ እንጂ።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ልጨምር። ከሒሳቡ የወጣ ነው፣ ግን ደስ ይለኛል። በኛ ቋንቋ ገባሩ የሚከፍለውም ግብር ነው፣ ንጉሡ በአዳራሽ የሚያበላውም ግብር ነው። ግብር ገባ፤ ግብር አበላ። ጥሬ ሥጋው በሸክም ይገባል፣ ጠጁ በብርሌ ይዞራል፣ ሹሙ እንደ ማዕረጉ ይቀመጣል። ከገበሬው በአንድ በር የገባው ለሹሙ በሌላ በር ይቀርባል፣ ስሙም አይለወጥም። ደራሲው በውጭ አገር ቃላት ከሚቸገር ይቺን አንድ ቃል ቢጠቀም ግማሽ ምዕራፍ ትቆጥብለት ነበር።

ይኼ ሁሉ ግን ይታለፋል። ሒሳብ ይስተካከላል፣ በርሜል ይቀነሳል። ደብዳቤ ለመጻፍ ያስነሣኝ ሌላ ነው።

እነዚህ ጌቶች ቀን ይተኛሉ። ፀሐይ ካገኘቻቸው ዐመድ ናቸው። ገበያ የሚቆመው ቀን ነው። እርሻውም፣ ክርስትናውም፣ ቀብሩም ቀን ነው። ታዲያ ማን ስንት ቤተሰብ እንዳለው፣ ማን እንደደረሰ፣ ማን ታምሜአለሁ ብሎ እንደቀረ የሚመዘግበው ማን ነው? ጨረቃ ስትወጣ ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ መቆየት አለበት። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ሰው ነው። እንደኔ ያለ፣ ጥርሱ እንደማንኛውም ሰው የሆነ፣ ቀን ቀን የሚሠራ። ጭቃ ሹም በሉት፣ ምስለኔ በሉት። በ11 ሳምንት ልብ ወለድ ውስጥ ይኼ ሰው አንድ ቀን ብቅ አላለም!

ቫምፓየሩን ለማስፈራራት ያህል ክፉ አድርጋችሁታል። እኔ ሳስበው ግን የማይሞት ግብር በላ ከሁሉም የተሻለ ነው። 400 ዓመት የኖረ፣ ሌላ 400 ዓመት ሊኖር ያሰበ፣ የዛሬውን ገባር ቢጨርስ ነገ ማንን ይጠጣል? ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ በሬያችን አልቅት ይዞት ያውቃል። ወንዝ ሲጠጣ ገብታ ከምላሱ ሥር ተለጠፈች። አባቴ በጨርቅ ይዞ ሲነቅላት ጣት አክላ ነበር። «ብትጠግብ ራሷ ትወርድ ነበር» አለ። አልቅት እንኳ ልክ አላት። የሰው ሹም ግን የሚኖረው ሹመቱን ያህል ነው። ሁለት ዓመት ይሁን ሦስት አያውቅም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ያሉት ለሱ ነው። እሱ የከርሞው ገባር ምን ይሁን ምን ጉዳዩ አይደለም። ከርሞ እሱ የለም።

አባቴ ይኼን ሳይማር ያውቀው ነበር። እኔ የተወለድሁት ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ዘጠኝ አሥር ዓመቴ ነበር። አዋጁ አሥራቱን አስቀርቶ በገቢ ልክ ይከፈል የሚል ነበር። በወረቀት ሲነበብ ከአሥራቱ የተሻለ ነው፤ ብዙ ያገኘ ብዙ ይክፈል ነው የሚለው። ይኼን ያወቅሁት ግን ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አዋጁን ቢሮ ውስጥ አንብቤ ነው። በሰፈራችን ያኔ የተወራው ስለ አዋጁ አልነበረም። የተወራው ስለ ገማቾቹ ነው። ማሳ ዳር ቆመው ዓይተው ይኼን ያህል ኩንታል ይወጣዋል ብለው የሚጽፉ ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። ዛሬ ሰብሉን የገመተ ነገ መሬቱን በቀላድ ይለካል፣ መሬቱ ከተለካ ርስቱ ይነቀላል ተባለ። ቢቸናም ሞጣም ዳሞትም ገበሬው እምቢ አለ። ጦር መጣ። አውሮፕላን ሲያንዣብብ ከብቱን ጥለን ጥድ ሥር የገባንበት ቀን ትዝ ይለኛል። እናቴ ነጭ ነጠላዋን ጠቅልላ ተቀምጣበት ነበር፣ ከላይ እንዳይታይ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡ፣ ውዝፉም ተማረ።

ያ ልጅ አድጎ ገማች ሆነ። ልክ እንደዚያ።

አሁን የምጽፈውን ለልጅ ልጄ አላነበብሁላትም። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት የተባለው ሲካሄድ ኮሚቴ ውስጥ ነበርሁ። በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ የተዘጋበት ጊዜ ነው፣ ታስታውሱታላችሁ። ያኔ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር የማይበልጥ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ነው። የሒሳብ መዝገብ አይዝም፣ ስለዚህ ይገመታል። ከተማዋን አልጠራም። ሦስት ሆነን በየቤቱ እንዞራለን። ለአንድ ቤት ሩብ ሰዓት ቢደርሰው ነው።

አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ገባን። በእድሜ እኩያዬ ናት። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ ሦስት ጋን። ሦስቱም ተከድነዋል። ሦስት ብዬ ጻፍሁ። ከአንዱ ጋን 100 ጣሳ ይወጣል፣ አንዱ ጣሳ 5 ብር ነው። 1,500 ብር በቀን። በዓመት በ300 ቀን አባዛሁት፣ 450,000 ብር።

«አያ፣ ይኸኛው እኮ ጥንስስ ነው» አለች። ክዳኑን አነሣችው። አረፋው ገና እየተነፈሰ ነው፣ ጌሾው ላይ ላዩን ተንሳፏል። «ይኸኛው ደግሞ ቅራሪ ነው፣ ለልጆቹ ነው። ይኸውና ይቅመሱት።» በጣሳ ቀድታ ዘረጋችልኝ። ቅራሪ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ጠላው ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣ ቀጭኑ ነው። አይሸጥም። አንድ ጉንጭ ብቀምሰው አውቀው ነበር። ጠላ ቤት ያደገ ሰው አይሳሳትም።

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኋት።

በሳምንት ሁለት ጋን ከሸጠች ተመስገን የምትል ሴት ነበረች። ይኼም በኋላ ነው የገባኝ። ሁለት ጋን 1,000 ብር፣ በ52 ሳምንት 52,000። እኔ የጻፍሁት ዘጠኝ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቅሬታ አቀረበች፣ ከወራት በኋላ በግማሽ ወረደላት። የግማሹም ግማሽ ይበዛባት ነበር። ጠላውን ትታ ለሰው እንጀራ መጋገር ጀመረች። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በዚያ አልፌ ነበር። ከሦስቱ ጋኖች አንዱ አንገቱ ተሰብሮ በር ላይ ቆሟል፣ ጤና አዳም ተተክሎበታል። ገብቼ ሰላም ለማለት እግሬ አልታዘዘኝም።

እኔ ጉቦ በልቼ አላውቅም። ይኼን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፣ ነገሩ እንዲገባችሁ ነው። ያን ቀን ከሷ ኪስ ወደኔ ኪስ የገባ አምስት ሣንቲም የለም። አለቆቼ ዕቅድ ሰጥተውናል፣ ዕቅዱ መሙላት አለበት፣ ጋኑ ሦስት ነው። አምስት ሰዓት ሳይሆን 14 ቤት ጨርሰናል። በሰፈሩ «አያ ግምት» የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር፣ እንደ ቀልድ ነበር የያዝሁት።

እና ለደራሲው የምለው ይኼን ነው። ቁጥሮቹን እንደፈለገ ያድርግ። መሳፍንቱን ወደ 2,000 ቢያወርድልኝ ሒሳቡ ይገጥማል፣ ባያወርድም አልቀየመውም። በርሜሉን ግን ያውጣልን፣ ይሸታል። ከሁሉ በላይ ያንን የቀን ሰው ያስገባው። ፀሐይ የማያቃጥለው፣ ነጭ ሽንኩርት በድቁስ የሚበላ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚስም፣ ብብቱ ሥር መዝገብ የያዘ። ልጆች ያሉት ይሁን። ወደ አንዲት ድሃ ቤት ይላክ፣ ስንት ዋንጫ ደም እንደሚወጣት በዓይኑ ዓይቶ እንዲጽፍ። እሷም «ይኸኛው ልጄ ገና ከሕመም መነሣቱ ነው፣ ክንዱን ይዳስሱት» ትበለው። ይዳስሰው፣ ወይም እንደኔ «ሥራ ላይ ነኝ» ይበላት። እሱን ለደራሲው ትቼዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የግብር ቢሮ ጡረተኛ፣ ከደብረ ማርቆስ